ጠይቁን፦ በራሱ የሚቆም የሬጌና የደብ ባንድ፣ ከሳኦ ሉዊስ እስከ ደሴ

ባለፈው እትም ያለ ትልቅ አሳታሚ ስለሚሠሩ የብራዚል የሬጌና የደብ ባንዶች አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ፣ ከሐይቅና ከከሚሴ ብዙ ጥያቄ መጣ። ጽሑፉን ላላያችሁ፣ ደብ ማለት የተቀረፀ ዘፈን በሚክሰር ላይ እንደገና ሲሠራ ነው። ቤዙና ድራሙ ፊት ይወጣሉ፤ ድምፃዊው፣ ጊታሩና ኪቦርዱ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ፤ የጠፉበትን ባዶ ቦታ ኢኮ ይሞላዋል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ ነው። ከጀማሪዎቹ ዋነኛው ኪንግ ተቢ ሙያው ሬዲዮና ማጉያ መጠገን ነበር፤ የሠራውም በአራት ትራክ ብቻ ነው።

«አንድ የብራዚል ባንድ፣ ጃማይካዊ ሳይሆን፣ በእንግሊዝኛም ሳይዘፍን፣ አሳታሚም ሳይኖረው ሃያና ሠላሳ ዓመት እንዴት ይቆያል? ዕድል ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?» — ከደሴ፣ ሆጤ

ዕድል ሙሉ በሙሉ የለበትም አይባልም፤ ዋናው ምክንያት ግን አድማጩ ከባንዱ ቀድሞ መኖሩ ነው። ሬጌ ብራዚል የገባው በሁለት በር ነው። በአንዱ በር ጊልቤርቶ ዢል እ.ኤ.አ. በ1979 የቦብ ማርሊን አንድ ዘፈን በፖርቹጋልኛ አውጥቶ ለመላው ሀገር አሰማ። ሁለተኛው በር የሰሜን ምሥራቋ የማራኛኦ ግዛት ዋና ከተማ ሳኦ ሉዊስ ናት። እዚያ ሕዝቡ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንደ ግድግዳ በተደረደሩ፣ «ራዲዮላ» በሚባሉ ስፒከሮች ፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቃቅፎ በሬጌ ይጨፍራል። ግጥሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቹ አይረዱትም፤ ስለዚህ ዘፈኖቹን በራሳቸው ቋንቋ ስም ያወጡላቸዋል። ያማረ ሬጌ «ፔድራ»፣ በእኛ ቋንቋ «ድንጋይ» ይባላል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2018 የሬጌ ሙዚየም ከፈተች፤ በ2023 ደግሞ በሀገሪቱ ሕግ የብራዚል የሬጌ መዲና ተብላ ተሰየመች።

በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 ትሪቦ ዲ ዣ የተባለው ባንድ ተመሠረተ። አብዛኞቹ አባላት ዓይነ ስውራን ሲሆኑ የተዋወቁት በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። መሪ ድምፃዊው ፋውዚ ቤይዱን የሬዲዮ የሬጌ ፕሮግራም አዘጋጅ ነበር። ይህን ያነሣነው ለታሪኩ ብቻ ብለን አይደለም። ሕዝቡ ምን ዓይነት ቤዝና ምን ዓይነት ፍጥነት እንደሚወድ ከማንም በላይ የሚያውቀው ዘፈን መርጦ የሚያጫውተው ሰው ነው። ያንን ሰው ወደ ባንዱ ማስገባት ብልህነት ነው። ደሴ ላይ ሠርግ የሚያጫውት፣ የቱ ዘፈን ሲገባ ሰው እንደሚነሣ ለዓመታት ያየ ዲጄ ካወቃችሁ፣ ልምምዳችሁ ላይ ጋብዙት።

ገቢያቸውን በተመለከተ፣ በአንድ ምንጭ የሚኖር፣ ያለ አሳታሚ የሚሠራ ባንድ እዚያም ብርቅ ነው። ኮንሰርት አለ፤ ከተማና ግዛት በየጊዜው የሚያወጡት የባህል ድጋፍ ውድድር አለ፤ ዘፈን በሬዲዮና በአዳራሽ ሲጫወት ክፍያውን የሚሰበስብ ኤካድ የተባለ ማዕከላዊ ተቋም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመውና የንግዱ ዘርፍ በመዋጮ የሚያንቀሳቅሰው ሴስክም በየከተማው ባሉት አዳራሾች ለባንዶች ከፍሎ ለተመልካች በርካሽ ያቀርባል። በእኛ በኩል ሴስክን የሚመስል ነገር የለም። ወሎ ግን ኪነትን ታውቃለች። ማሪቱ ለገሠን ያፈራው የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን የልምምድ ቦታና የልምምድ ሰዓት ነበረው። ደመወዝ ዛሬ ማንም አይሰጣችሁም፤ ሰዓቱን ግን ራሳችሁ ልትሰጡት ትችላላችሁ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም።

ገንዘብን በተመለከተ አምስት ሰው ከሆናችሁ የሥራውን ክፍያ ለስድስት ክፈሉት። ስድስተኛው ድርሻ የባንዱ ነው፤ ከእሱ ላይ ጅማት፣ ኬብልና የስቱዲዮ ሰዓት ይገዛል። ይህ ድርሻ ከሌለ አንድ ኬብል በተበጠሰ ቁጥር «ማን ይግዛ» ተብሎ ይኮራረፋል፤ ባንድም የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በትንሽ ነገር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠውን ግን መጨረሻ አስቀመጥነው። የደብ ባንድ አንድ ቀን ቀርፆ ሦስት ሥራ ያወጣል፤ ድምፃዊ ያለበትን፣ መሣሪያ ብቻውን እና ደቡን። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ቅጂ ወስዶ አራተኛ ያደርገዋል። ይህ የሚሆነው ግን እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ተቀምጦ ከተገኘ ነው። ቀጣዩ ጥያቄም እዚሁ ላይ ነው።

«ሦስት ዘፈን ለመቅረፅ ኮምቦልቻ ሁለት ቀን ስቱዲዮ ተከራይተናል። አቀናባሪው ያለቀውን ዘፈን በፍላሽ እሰጣችኋለሁ ብሏል። ሌላ የምንቀበለው ነገር አለ?» — ከኮምቦልቻ፣ አራት ጓደኛሞች

አለ፤ ሳትቀበሉት ከበሩ አትውጡ። ያለቀው ዘፈን የተጋገረ ዳቦ ነው። ከዳቦ ዱቄቱን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ለደብ የሚያስፈልጋችሁ ዱቄቱ ነው።

የምትጠይቁት እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ትራክ ለብቻው፣ ዌቭ በሚባለው ፋይል፣ በ24 ቢት እና በ48 ኪሎኸርዝ ይውጣ። ከድራሙ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ለብቻ፣ ስኔሩ (በእንጨት የሚመታው) ለብቻ፣ ቤዙ ለብቻ፣ ክራሩ ለብቻ፣ ድምፃዊው ለብቻ። ሪቨርብና ኢኮ የሌለበት ደረቅ ቅጂ ይሁን። አቀናባሪው የወደዳችሁትን ኢኮ አስገብቶ ከሆነ ኢኮው ራሱን ችሎ እንደ ሌላ ትራክ ይውጣ። ሁሉም ፋይል ከዜሮ ሰከንድ ይጀምር፤ ድምፃዊው የሚገባው በአንደኛው ደቂቃ ቢሆን እንኳ ፋይሉ ከፊቱ ባዶውን ይዞ ከመጀመሪያ ይነሣ። በብዛት የሚበላሸው ይኼ ነው። ፋይሎቹ ድምፅ ከተሰማበት ቦታ ብቻ ተቆርጠው ከወጡ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስታስገቧቸው ክራሩ ከድራሙ አይገጥምም፤ በጆሮ ማጋጠም ደግሞ የቀናት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የስቱዲዮውን የፕሮግራም ፋይል ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ያ ፋይል የሚከፈተው ያው ሶፍትዌር፣ ያው ዕትም፣ ያው ተጨማሪ ፕሮግራም ሁሉ ሲገኝ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ አይከፈትም። ዌቭ ግን የትም ይከፈታል።

መጠኑ አያስፈራችሁ። አራት ደቂቃ የፈጀ አንድ ሞኖ ትራክ በዚህ ጥራት 35 ሜጋ ባይት ያህል ነው። 16 ትራክ ያለው ዘፈን ከ560 ሜጋ ባይት አይዘልም፤ ሦስቱም ዘፈን ከሁለት ጊጋ ባይት በታች ነው። በሁለት ፍላሽ ገልብጡና በሁለት ሰው ቤት አስቀምጡ። በአንድ ቦርሳ የተቀመጡ ሁለት ፍላሾች እንደ አንድ ፍላሽ ናቸው። በቴሌግራም የምትላላኩ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩ እንጂ ከስፒከር ላይ በድምፅ መልእክት አትቅዱ።

ከፋይሎቹ ጋር አንድ የጽሑፍ ገጽ አብራችሁ አስቀምጡ። ፍጥነቱ በደቂቃ ስንት ምት እንደሆነ፣ ቅኝቱና ቁልፉ፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ግጥሙና ዜማው የማን እንደሆነ፣ ቀኑ።

ይህን ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ተስማሙ፤ በቃል ሳይሆን በወረቀት። «የተነጠሉት ትራኮች በሙሉ የባንዱ ናቸው፤ አቀናባሪው ይህን ያህል ብር ተከፍሎት አስረክቧል» የሚል አጭር ስምምነት፣ ሁለት ፊርማና ሁለት ምስክር ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ዜማችሁ ከተፈጠረ ጀምሮ ጥበቃ አለው፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ክርክር ሲነሣ ግን የሚያድነው ማስረጃ ነው። ምዝገባውን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ብታስገቡ ደግሞ የበለጠ ትጠነክራላችሁ።

«ክራር እጫወታለሁ። ባቲና አምባሰልን በሬጌ ልናቀርብ ስንሞክር ባቲው ይገባልናል፤ አምባሰሉ ላይ ግን ኪቦርዲስቱ በገባ ቁጥር የሆነ የተበላሸ ነገር ይሰማል። እሱ "ቅኝቱ ለሬጌ አይሆንም" ይለኛል። እውነት ነው?» — ከባቲ፣ እህታችሁ

እህታችን፣ ቅኝቱ ይሆናል። የሚሰማሽ ብልሽት የሚመጣው ኪቦርዲስቱ ከቅኝቱ ውጪ የሆነ አንድ ድምፅ ስለሚጨምር ነው። ጣቱ ላይ ሆነን እንየው። መነሻችንን ሲ እናድርግ።

ባቲ ማይነር ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች የጃማይካ ቤዝ ተጫዋቾች ሲመላለሱባቸው የኖሩት ራሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ባቲው ወዲያው የገባላችሁ። ከቅኝቱ ሳይወጡ ሁለት ሙሉ ኮርዶችም (አብረው የሚያዙ ሦስት ድምፆች) ይገኛሉ፤ ሲ ማይነር እና ኢ ፍላት ሜጀር። በሁለት ኮርድ ደግሞ ሙሉ ሬጌ ይሠራል።

አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። እዚህ ውስጥ ኢም ኢ ፍላትም የለም። መነሻው ላይ ኮርድ ልያዝ ሲል የኪቦርዲስቱ እጅ በልማድ ሲ ማይነር ይይዛል፤ መሐል ጣቱ ኢ ፍላት ላይ ትወድቃለች። ቅኝቱን የሰበረችው እሷ ናት። መፍትሔው መሐል ጣቱን ማንሣት ነው። መነሻው ላይ ሲ እና ጂ ብቻ ይያዙ፤ ከፈለገ ሲን በላይኛው ኦክታቭ ይድገም። ሙሉ ኮርድ ሲያምረው ዲ ፍላት ሜጀር ይያዝ ወይም ኤፍ ማይነር፤ ሁለቱም ከአምባሰል ውስጥ ናቸው። ሲ እና ጂ ሁለት ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው)፣ ዲ ፍላት አንድ ባር፣ ተመልሶ ሲ እና ጂ አንድ ባር ይሞክር። ቤዙ ከዲ ፍላት ወደ ሲ በግማሽ ቶን ሲወርድ የሚሰማው ክብደት የአምባሰል ሐዘን ነው፤ ሬጌም የሚወደው ይህንኑ ነው።

ትዝታ ማይነር (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) ሲ ማይነርንና ኤ ፍላት ሜጀርን ይሰጣል፤ ቀላል ነው። አንቺሆዬ ላይ ግን ኪቦርዱ ኮርድ ባይነካ ይሻላል። ቤዙ አንድ ድምፅ ላይ ይቁም፤ ዜማውን ክራርና ድምፃዊ ይያዙት፤ ሌላውን ኢኮው ይሥራው።

ሁለት የመሣሪያ ነገር እንጨምርልሽ። ዋሽንት የሚነፋ ካለ ቁልፉን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ዋሽንቱ የተበሳበትን ቁልፍ መቀየር አይችልምና። መጀመሪያ ዋሽንቱ ይነፋ፣ ክራሩ ለእሱ ይቃኝ፣ ቤዙና ኪቦርዱ ይከተሉ። ከባቲ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ ስትወጪ ደግሞ ክራርሽን ከሻንጣው አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት ካቆየሽው በኋላ ቃኝው። እንደደረስሽ ከቃኘሽው ሁለተኛው ዘፈን ላይ ይዛባብሻል። ክራሩን በተለጣፊ ፒክአፕ ወደ ሚክሰር የምታስገቢ ከሆነ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡልሽ። ክራሩ እዚያ የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው፤ ቤዙ ግን ቦታ ያገኛል፤ «ኡኡ» የሚለው ጩኸትም ይቀንሳል።

«ድራም እመታለሁ። ሬጌ ስመታ ጓደኞቼ "ጭፈራ ሆነ" ይሉኛል። የት ነው የምሳሳተው?» — ከወልድያ

አብሽር፣ የምትሳሳተው በመጀመሪያው ምት፣ በ«አንድ» ላይ ነው። የሀገራችን ምት ኪኩን ባር መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል፤ እግርህ ያንን ለምዷል። ዋን ድሮፕ በሚባለው የሬጌ ምት «አንድ» ባዶ ነው። እስከ አራት ቁጠር፤ ጊታሩ ሁለትና አራት ላይ «ቸክ» ይላል፤ ኪኩና የስኔሩ ሪምሾት (ጠርዙ ላይ የሚመታው) አብረው ሦስት ላይ ይወድቃሉ። «አንድ» ላይ ምንም የለም። ለአንድ ሳምንት ያለ ኪክ፣ በሪምሾት ብቻ ተለማመድ፤ እግርህ ሲረሳ ሦስት ላይ መልሰው።

ሃይሃቱን (ተደራራቢዎቹን ሁለት ሳህኖች) ግን ከቤትህ አምጣ። የወሎ ምት እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል። የሬጌ ሃይሃትም ብዙ ጊዜ ሁለት እኩል አይደለም፤ ወደ ሦስት ያዘነብላል። በደቂቃ 150 ላይ አንድ ምት 400 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለሦስት ሲከፈል 133። ሃይሃቱን አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ብቻ ነካ ነካ አድርገው።

«ስቱዲዮ የለንም። ያለን ባለ 8 ቻናል ሚክሰር፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ከጊታሪስቱ የምንዋሰው የዲሌይ ፔዳል ነው። በዚህ ደብ መሥራት ይቻላል?» — ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ይቻላል፤ ከላይ እንዳልነው ኪንግ ተቢም አራት ትራክ ብቻ ነበረው። የእናንተ ችግር ላፕቶፑ ሁለት መውጫ ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ ግራና ቀኝ። እሱንም ለሁለት እንከፍለዋለን። ላፕቶፑ ላይ ድራምና ቤዝን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ድምፃዊ፣ ክራርና ኪቦርድን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ላኩ። ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ለሁለት በሚከፈል ኬብል ግራውን ቻናል 1፣ ቀኙን ቻናል 2 ላይ ሰኩ። ሁለቱንም ወደ መሐል አምጡ።

አሁን ኢኮው። ከሚክሰሩ «ኦክስ» መውጫ (የቻናሉን ድምፅ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚልከው) ወደ ዲሌይ ፔዳሉ፣ ማለትም ወደ ኢኮ ሠሪው፣ መግቢያ። ኦክሱ ከፌደሩ (የቻናሉን ድምፅ ከሚቆጣጠረው ተንሸራታች ቁልፍ) በኋላ የሚወስድ መሆን አለበት። ከፌደሩ በፊት የሚወስድ ከሆነ ፌደሩን ዘግታችሁት እንኳ ድምፁ ወደ ኢኮው መግባቱን አያቆምም። የኦክሱን ዋና ቁልፍ ሩብ ላይ ጀምሩት፤ ፔዳል ለጊታር ደካማ ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ከሚክሰር የሚመጣው ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ፔዳሉ ራሱ «ሚክስ» ካለው ሙሉ በሙሉ ወደ ኢኮው አዙሩት።

የፔዳሉን መውጫ «ሪተርን» በሚለው ቀዳዳ አትመልሱት። ቻናል 3 ላይ ሰኩት። ያኔ ኢኮው እንደ አንድ መሣሪያ የራሱ ፌደር፣ የራሱ ቤዝና ትሬብል ይኖረዋል። ቤዙን ቀንሱ፤ ሎው ከት የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑት። ኢኮው ውስጥ ቤዝ ከገባ በሁለት ባር ውስጥ ሁሉም ነገር ጭቃ ይሆናል። ትሬብሉንም ትንሽ አውርዱ፤ እየደበዘዘ ሲሄድ የሚያምረው ኢኮ ነው። የቻናል 3ን ኦክስ ትንሽ ስትከፍቱ ኢኮው ራሱን ይመግባል፤ እየተደራረበ ይወጣል፤ ከመጠን ሲያልፍ ይጮሃል። ስለዚህ አንድ ጣት ሁልጊዜ ቻናል 3 ፌደር ላይ ይሁን።

የኢኮው ጊዜ በሒሳብ ይገኛል። 60,000ን ለፍጥነቱ አካፍሉ። 150 ከሆነ አንድ ምት 400 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ ምት ከግማሽ 600 ነው፤ የተለመደው የደብ ኢኮ እሱ ነው። የጭክችካ ስሜት ከፈለጋችሁ 533 ሞክሩ፤ ከምት ጋር ሦስት ለአራት እየተሻማ ይሄዳል። ፔዳሉ ቁጥር የማያሳይ ከሆነ ሪምሾቱን ብቻ ልካችሁ እስኪገጥም በጆሮ አዙሩ።

አንዲት ቃል ላይ እንየው። ድምፃዊው «አምባሰል» ብሎ ስንኙን ይጨርሳል። ቀኝ እጃችሁ የቻናል 2 ኦክስ ላይ ነው፤ ዝግ ነው። «አምባ» ሲል አትንኩ። «ሰ»ን አሳልፉ፤ «ሰ» ኢኮ ውስጥ ከገባች እንደ እባብ ትፋጫለች። አናባቢው ሲከፈት ኦክሱን እስከ ሦስት ሩብ ክፈቱ፤ ወዲያው መልሳችሁ ዝጉት፤ በግራ እጃችሁ የቻናል 2ን ፌደር ጣሉት። ክራሩና ኪቦርዱ አብረው ይጠፋሉ፤ ቤዝና ድራም ብቻ ይቀራሉ፤ ከላያቸው «ኧል... ኧል... ኧል...» እያለ ተራራውን ይወርዳል። አራት ባር ጠብቁ። መጠበቁ ነው የሚከብደው፤ ጀማሪ ቶሎ ይመልሰዋል። ከዚያ ፌደሩን ሦስተኛው ምት ላይ፣ ከሪምሾቱ ጋር መልሱት።

አማርኛ ለደብ የሚሰጠው አንድ ስጦታ አለ። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» ኢኮ ውስጥ ሲገቡ እንደ ከበሮ ይሰማሉ። «ጨረቃ» የሚል ቃል ካላችሁ «ጨ»ን ብቻ ወርውሯት፤ ለብቻዋ ምት ትሠራለች። እንግሊዝኛ እነዚህ ድምፆች የሉትም፤ እናንተ ግን ተጠቀሙባቸው።

የሚክሰሩን ዋና መውጫ በመቅጃ ቅዱ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ 6 ዴሲቤል በታች ይሁን። አምስት ስድስት ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ ሥሩና አንዱን ምረጡ። ከተለያየ ሙከራ እየቆረጡ የቀጠሉት ደብ ትንፋሽ አይኖረውም።

«የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ። ልጆች ሬጌ ሲጫወቱበት ሁለት ጊዜ ትዊተር ተቃጠለብኝ፤ ቤዙ ሲበዛ አምፕሊፋየሩም ይጠፋል። ቤዝ እንዴት ትዊተር ያቃጥላል?» — ከሐይቅ

አባታችን፣ ግራ ቢገባዎት አይፈረድም። ቤዝ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። አምፕሊፋየሩ አቅሙ ሲያልቅበት የድምፁን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ቀዩ መብራት የሚበራው ያኔ ነው። የተቆረጠ ጫፍ ደግሞ ኦርጅናሉ ውስጥ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይፈጥራል፤ እሱ በቀጥታ ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ ወደ ትዊተሩ፣ ይሄዳል። ስለዚህ ቀዩ መብራት አንዳንዴ ብልጭ ቢል ችግር የለውም፤ በርቶ ከቆየ ግን ዋናውን ድምፅ ያውርዱ። ትዊተር ያለባቸውን ስፒከሮችና ሳቦቹን (የቤዝ ስፒከሮቹን) የተለያየ አምፕሊፋየር ላይ ያድርጓቸው፤ ድምፁን በሚከፍለው ክሮስኦቨር 100 ኸርዝ አካባቢ ይክፈሏቸው። ለሳቦቹ ደግሞ ከ30 ወይም 35 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡላቸው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ድምፅ 41 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ስፒከሩን ከማንቀጥቀጥ ሌላ ጥቅም የለውም።

አምፕሊፋየሩ የሚጠፋው ምናልባት በአንድ መውጫ ላይ ብዙ ሳብ ስለሚሰካ ነው። ባለ 8 ኦም ሁለት ሳብ አብረው ሲሰኩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ ሦስት ሲሆኑ 2.7 አካባቢ ይወርዳሉ፤ ብዙ አምፕሊፋየር ያንን አይችልም። ጀርባው ላይ ዝቅተኛው ኦም ተጽፏል፤ ያንብቡት።

መብራት ሲጠፋና ጄኔሬተር ሲነሣ ሁሉንም አጥፍተው ይቆዩ። ጄኔሬተሩ ሲረጋ መጀመሪያ ሚክሰር፣ መጨረሻ አምፕሊፋየር ያብሩ፤ ሲያጠፉ አምፕሊፋየሩን ያስቀድሙ። «ህምም» የሚል ድምፅ ካለ ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ሶኬት መስመር ይሳቡ። የኧርዝ እግር እየቆረጡ ህምታ የሚያጠፉ አሉ፤ ማይክ የያዘውን ልጅ ሊገድል ይችላልና በፍጹም አይሞክሩት።

ሜዳ ላይ ሲያቆሙም ፊት ለፊት ያለውን ይመልከቱ። ከስፒከሩ 100 ሜትር ርቆ ግንብ ወይም ገደል ካለ ድምፁ ሄዶ ሲመለስ 0.6 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ልጆቹ ኢኮአቸውን 600 ላይ ካደረጉት ሁለቱ ይደባለቁና ሕዝቡ ግጥሙን አይሰማም። ስፒከሩን ትንሽ ዘንበል አድርገው ወደ ክፍት ቦታ ያዙሩት።

«የባንዳችንን ስም ሌላ ከተማ ያሉ ልጆችም ይጠቀሙበታል። እንተወው?» — ከከሚሴ

ታዋቂ ሳትሆኑ መፍታት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በብራዚሊያ የተመሠረተው ናቲሩትስ የመጀመሪያ ስሙ ናቲቩስ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሙንም በዚያ ስም አውጥቷል። በስም የሚመሳሰለው ሌላ ቡድን ስለነበረ ታዋቂ ከሆነ በኋላ ስሙን ለመቀየር ተገደደ። እንዲህ ሲሆን ፖስተር፣ አልበም፣ የሬዲዮ ሰው ምላስ ሁሉ እንደገና መለመድ አለበት። ዛሬ ስሙን በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ በአማርኛም በላቲንም ፊደል ፈልጉት። ንፁህ ሆኖ ካገኛችሁት በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ማስመዝገብ ይቻላል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳል። ልጆቹ ቀድመዋችሁ ከሆነ ግን አሁኑኑ ቀይሩ።

«ስቱዲዮ ውስጥ ቤዛችን ደረት ይመታ ነበር፤ በስልክና በባጃጅ ስንሰማው ግን የለም።» — ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ ገደማ በታች ያለውን ብዙም አያወጣም። ቤዛችሁ ደግሞ ከ40 እስከ 100 ላይ ነው። ከፍ ብታደርጉት ስልኩ አሁንም አያወጣውም፤ ትልቅ ስፒከር ላይ ግን ያፈነዳል። መንገዱ ቤዙን በሁለት ትራክ መገልበጥ ነው። አንዱን እንዳለ ተዉት። ሁለተኛውን በጊታር ዲስቶርሽን ወይም ሳቹሬሽን ትንሽ አሻክሩት፤ ከ200 በታችና ከ1,500 ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጡ፤ ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ ቀስ እያላችሁ ከዋናው ሥር አስገቡት። ስልኩ ላይ የቤዙ ዜማ መከተል ሲቻል አቁሙ። ጆሮ መሠረቱን ባይሰማም ከላይ ያለውን ሰምቶ ራሱ ይሞላዋል።

ከቅጂው በፊትም አንድ ነገር አለ። ቤዝ ጊታሩ ብሪጅ አጠገብ፣ ከጅማቶቹ ሥር የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ አስገቡ፤ ጅማቱን በስሱ ይንካ እንጂ አይጫነው። የቶን ቁልፉን ዝቅ አድርጉ፤ በአውራ ጣት ምቱ። እያንዳንዱ ድምፅ «ዱም» ብሎ ያጥራል፤ በመሐሉ ለሪምሾቱና ለኢኮው ባዶ ቦታ ይተርፋል። ስፖንጁ ሲረጥብ ወይም ሲጠነክር ቀይሩት፤ ድምፁ ሳይታወቅ የሚሞተው በእሱ ነው።